ከግራና እስከ ወልድያ፣ ያለ ኤርፎን

ረቡዕ

ኤርፎኔን ከጆሮዬ መንጭቀው አስፋልቱ ላይ ወረወሩት። ያውም ሞተር እየነዳሁ!

ሲሪንቃን አልፈን ወደ ወልድያ እየተቃረብን ነበር። አያቴ ሼህ ይማም ከኋላዬ ተቀምጠዋል። በመሃል ጀርባዬን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉኝ ጀመር። በጆሮዬ የሚጮኸው ዘፈን ፈጣን ምት ያለው ነውና፣ ሾልኮ ደርሷቸው የተመቻቸው መሰለኝ። «አባባም ለካ የኛው ናቸው» ብዬ ትከሻዬን እየሰበቅኩ ነዳጅ ጨመርኩ። እሳቸው በባሱ ቁጥር እኔም ባስኩ።

ለካ ጫማቸው ወድቆ ኖሯል። መርሳ መውጫ ላይ! ከዚያ ጀምሮ «አቁም! አንተ ልጅ፣ አቁም!» እያሉኝ ነው የመጡት። ድምፃቸው ከሰሞኑ ሰልሎ ሰልሎ ሹክሹክታ ሆኗል። ያለ ኤርፎንም መስማቴን እንጃ። በኤርፎንማ ጭራሽ።

እንመለስ ብንል ቀጠሮው ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል የገቡት አንድ እግራቸው በሸበጥ፣ አንድ እግራቸው በአላህ ጥበቃ ነው። ዘበኛው መጀመሪያ ጥምጥማቸውን አየ፣ ቀጥሎ እግራቸውን አየ፣ ከዚያ ግራ ተጋባ። እሳቸው ግን ሁለት ጫማ እንዳደረገ ሰው ሰላምታ ሰጥተው አለፉ።

ሰው ሁሉ «ለምን በሚኒባስ አትወስዳቸውም?» ይለኛል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይከፈት ማለት ጦርነት ማወጅ ነው። «ብርድ ይመታናል» ይላሉ፣ በዚህ ሙቀት። አባባ ደግሞ አየር ሲያጡ ያፍናቸዋል። ሞተር ላይ ግን ነፋሱ የራሳቸው ነው። ሞተሩ የአጎቴ የሐምዛ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ያውሰኛል፣ «ኤርፎን ሰክተህ ያየሁህ ቀን ቁልፉን ትረሳዋለህ» እያለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በቀጭን መሣሪያ ጉሮሯቸውን ሲያይ ቆየና ወንበሩን ስቦ ተጠጋቸው። «አባቴ፣ ድምፅዎን የያዘው እባጭ ነው። እያደገ ነው። ካልወጣ መተንፈሻዎን ይዘጋዋል።» የሚመጣው ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ሐኪሞች ይመጣሉ አለ። ሰኞ ገብተው መተኛት አለባቸው።

አባባ በሹክሹክታ ጠየቁ፣ «ድምፄስ?»

«እሱን አሁን ላረጋግጥልዎት አልችልም። ሊተርፍ ይችላል፤ ሊሄድም ይችላል።»

ጆሯቸውን በጣታቸው ነክተው፣ «አዛን እሰማለሁ?»

«ጆሮዎ እኮ ምንም አልሆነም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተነሡ። ዶክተሩ የተስማሙ መስሎት ደስ አለው። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። «እሺ» አላሉም።

ስንመለስ ጫማዋ ተገኘች። መርሳ መውጫ ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ከሙዙ ጎን ደርድራታለች። «የምን ሼህ ነው እንዲህ የሚቸኩል?» አለችን።

ኤርፎኑን ግን መኪና ሄዶበታል።

ሐሙስ

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ግራና ውስጥ አንድ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ሦስት ሽማግሌ ይቀመጣል። ዛሬ ሰባት ሆኑ።

የታዘዙ መድኃኒቶች፦ ማር በጥቁር አዝሙድ። የፍየል ሞራ። ትኩስ ወተት በነጭ ሽንኩርት (ይህን ያዘዙት ሰውዬ ራሳቸው ሲስሉ ነው የዋሉት)። ማንም ማንንም አልሰማም። ሁሉም ግን የሚቀጥለውን ብርጭቆ ሻይ ሰምቷል።

ለማያውቀን ሰው ልጻፈው (ማን እንደሚያነበው ባላውቅም)፦ አባባ መንዙማ አውጪ ናቸው። ሐድራ ላይ ሰው ለዱዓና ለመንዙማ ሲሰበሰብ ግጥሙን እሳቸው ያወጣሉ፤ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ። ድምፃቸው ደህና በነበረበት ዘመን ከእኛ ቤት ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር ይባላል። ሽማግሌዎች ሲያወሩ ወንዙ በየዓመቱ ይሰፋል። አሁን ዓባይን አክሏል።

ዋና ተቀባዮቻቸው ሁለት ቀርተዋል። አንዱ አያ ሙሄ ናቸው። ጆሯቸው ከደከመ ቆየ፤ ስለዚህ ድቤ ይመታሉ። እጃቸው አይስትም፤ ጉልበቱን ግን አይለኩትም። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ጋሽ ተፈራ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። በጾም ሥጋ አይቀምሱም፤ መንዙማ ግን በጾምም በፍስክም ይቀበላሉ።

ጋሽ ተፈራ ብቻ ናቸው መድኃኒት ያላዘዙት። «ሼህዬ፣ እስቲ ይታከሙ። ለእኛ ሲሉ» አሉ።

አባባ መለሱ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ነው የሰማው። «ድምፁን አላህ ነው የሰጠኝ። ለእሱ ከመመለሴ በፊት አንዲት መንዙማ ከራስ እስከ ጫፍ ልጨርስበት። እንዲሁ በጅምር ላይ እያለ አላስቆርጠውም። ነገ ሐድራ እንቀመጥ፤ እሷን ካደረስኩ ሰኞ እሄዳለሁ።»

እማዬ (የእሳቸው ልጅ ናት) ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ኤርፎን ባይሰበር ኖሮ አልሰማትም ነበር። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ዓርብ

አልሆነም።

ከጁምዓ በኋላ ቤታችን ሞላ። ደጅ ድረስ ሰው ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ፦

«መሽቶበት የመጣ እንግዳ አለ በደጅህ፣
ማን ይከፍትለታል አንተ ካልከፈትህ።»

ይህን የሰማሁት አጠገባቸው ስለተቀመጥኩ ነው። ከእኔ ወዲያ ያለው ሰው ከንፈራቸውን ብቻ ነው ያየው። አያ ሙሄ ደግሞ በሙሉ ጉልበታቸው ድቤውን ይወቅጡታል። የት መግባት እንዳለበት ማንም አላወቀም። ግማሹ ቀድሞ «ክፈትልን ጌታው» አለ፣ ግማሹ ዘግይቶ አለ፣ ደጅ ያሉት ጭራሽ ሌላ መንዙማ ነው የተቀበሉት።

አያ ሙሄን «ዝቅ ያድርጉት» የሚል ደፋር ጠፋ። አባባም አላሉም። የአርባ ዓመት ጓደኛቸውን «ድቤህ ሸፈነኝ» እንዴት ይበሉት?

ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በሦስተኛው ዝም አሉ። አያ ሙሄ ዝምታውን ስላልሰሙት ትንሽ ብቻቸውን መቱ። ከዚያ የሰዉን ፊት አይተው እጃቸውን አነሡ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ስቀልድ ነው ያደግኩት። ዛሬ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ማታ እማዬ «ሰኞ ልብስዎን ላዘጋጅ?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላደረስኳትም» አሉ።

ቅዳሜ

ሐሳብ መጣልኝ። ስልኬን ይዤ ሄድኩ። «አባባ፣ እዚህ ላይ ያውጡልኝ። ድቤም የለ፣ ሰውም የለ። ከአፍዎ ሥር አስጠግቼ እቀዳዋለሁ። ሙሉውን ያደርሱታል።»

ስልኩን እንደ ሞተ አይጥ አዩት። «ለማን ነው የማወጣው?»

«ለስልኩ።»

«ይቀበላል?»

«ምን?»

«ሳወጣ ይመልስልኛል ወይ? ተቀባይ የሌለበት መንዙማ አይወጣም። ነውር ነው። ደጅ አንኳኩቶ ሰው ሳይወጣ የሚገባ አለ?»

«እኔ እቀበልዎታለሁ።»

ሳቁ። ሳቃቸው እንኳ ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። «አንተ? አንተ እኮ ጆሮህ ተደፍኖ ነው ያደግኸው። በል እስቲ፣ ከእንግዳው በኋላ ምን ይባላል?»

«ክፈትልን ጌታው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት?»

«ሁለተኛው ላይ ይረዝማል ወይስ ይታጠፋል?»

«ይታጠፋል?»

«ሂድ ሞተርህን እጠብ» አሉኝ።

በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ቤት ኖሬያለሁ። ይህ መንዙማ በየሐድራው ተብሏል። እኔ ጥግ ላይ ኤርፎኔን በሽርጥ ሸፍኜ ሌላ ነገር ሳዳምጥ ነበር።

ማሽላ የምትለቅመው እማዬ ቀና ሳትል «ሦስት ጊዜ ነው» አለች። «ሁለተኛው ይረዝማል። ሦስተኛው ይታጠፋል፤ እዚያ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለህ።»

«አንቺ በየት አወቅሽው?»

«መጋረጃው ጆሮ ይደፍናል አሉህ?» አለች። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው በዝግታ ሲቀበሉ ነው ለካ የኖሩት። ከልጅነቷ ጀምሮ። ሙሉውን ታውቀዋለች፤ መታጠፊያውን፣ መቆሚያውን፣ የት ላይ አባባ ሆን ብለው እንደሚያዘገዩና ተቀባዩ መታገሥ እንዳለበት ሁሉ።

ማሽላውን አብረን ለቀምን፤ እሷ አወጣች፣ እኔ ተቀበልኩ። ስሳሳት ፍሬ ትወረውርብኛለች። ፀጉሬ ውስጥ እስካሁን ማሽላ አለ።

እሑድ

በረጋ መንፈስ ልጻፈው።

አባባ መርሳ ያለችውን እህታቸውን ሊጠይቁ ፈለጉ። «ምናልባት ካልተያየን» አሉ። እማዬ ፊቷን አዞረች። ሄልሜቱን ከጥምጥማቸው በላይ ለመጫን ስንታገል ቆየን። በመጨረሻ ጥምጥሙ አንገታቸው ላይ ወረደ። «ድስት ደፋሁ» አሉ መስተዋት ሲያዩ።

ከግራና ስንወጣ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ በዝግታ እነዳለሁ። ማሽላው ግራና ቀኝ አሽቷል። የወፍ ጠባቂዎቹ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። ጆሮዬ ባዶ ነው። ደብሮኝ ሳላስበው ማንጎራጎር ጀመርኩ፦ ክፈትልን ጌታው… ሁለተኛውን አስረዘምኩ… ሦስተኛውን አጠፍኩ።

ከኋላዬ ያሉት ሰውዬ እንቅስቃሴያቸው ቆመ።

ከዚያ አገጫቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሄልሜታቸው ከሄልሜቴ ጋር ቋ አለ። አፋቸው ከጆሮዬ ሥር ሆነ። እና አወጡ።

ቤት ሙሉ ሰው ያልሰማው ድምፅ ለአንድ ጆሮ በቂ ነበር። እንዲያውም ተረፈ። ሻካራ ነው፣ ይቆራረጣል፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ይገባል። ትንፋሹ ይሞቃል። ብዙ ውድ ኤርፎን አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።

ተቀበልኩ። መጀመሪያ ላይ ፈርቼ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ። አንድ ቦታ ቸኩዬ ገባሁ፤ «ታገሥ» አሉኝ በግጥሙ መሃል፣ ዜማውን ሳይለቁ። ማማ ላይ ያሉት ልጆች ወፉን ትተው እኛን አዩ። እነሱ የሚሰሙት የእኔን ብቻ ነው። ብቻውን «ክፈትልን» እያለ የሚጮህ ሞተረኛ! አንዱ «የምን በር ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

መርሳ ገባን። የእህታቸው፣ የአክስታችን፣ ደጅ ደረስን። ፍጥነት ስቀንስ አባባ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። አልጨረሱም። መሃል ላይ ማቋረጥ ነውር ነው። አክስታችን ደጅ ቆማ እጇን ዘርግታ ነበር። በፊቷ አለፍን። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

አስፋልቱን ይዘን ወደ ደሴ አቅጣጫ። ከተማው አለቀ፤ መንዙማው አላለቀም። የጭነት መኪና ሲያልፈን ድምፃቸው ይጠፋል፤ እኔ ቦታውን በልቤ እይዛለሁ፤ መኪናው ሲሄድ እዚያው እንገናኛለን። ውርጌሳ መግቢያ ላይ የመጨረሻዋን አወጡ። ተቀበልኩ። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ቆመ።

«አደረስኳት» አሉ። «አልሐምዱሊላህ። አሁን አቁም፤ ወገቤ ተቆረጠ።»

ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔ በሞኝ ደስታ ስልኬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። ከቤት ስንወጣ ጀምሮ ማስቀጃው ክፍት ነበር። ነግሬያቸው አልነበረም። «ሁሉም ተቀድቷል!» ብዬ ከፈትኩት።

ነፋስ። ሞተር። ነፋስ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ እንደ በሬ፦ ክፈትልን ጌታው! ከዚያ ነፋስ። ዝም የሚለው ሁሉ የእሳቸው ቦታ ነው። አንድም ቃል የለም።

ዓይኔ ሞላ። አላለቀስኩም (ትንሽ አለቀስኩ)። አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና እንደ ሐኪም ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታል። ሲያልቅ መለሱልኝ።

«ሦስት ቦታ ተሳስተሃል» አሉ።

«የእርስዎ ግን የለም እኮ አባባ። ጠፋ።»

«የእኔስ ይጥፋ። አውጪ ሞልቷል። የቸገረኝ ተቀባይ ነበር።» ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። «ለእናትህ ልብሴን ታዘጋጅ በላት። ነገ እንሄዳለን።»

አክስታችን ጋ ስንመለስ የሰደበችን ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ሰኞ

ወልድያ አስገባናቸው። እማዬና አጎቴ ሐምዛ በሚኒባስ መጡ፤ እሳቸው በእኔ ሞተር። መንገድ ላይ አንድም ስንኝ አላወጡም። ጨርሰዋላ። የተናገሩት፦ ጥጃዋን ለማን እንደሚሰጡ። የቤቱ ክዳን ከክረምት በፊት እንዲታይ። አያ ሙሄን ድቤ እንዳንከለክላቸው። ትምህርቴን እንዳልተው። እኔ ሰነፍ መሆኔን (ይህን ሁለት ጊዜ)።

ስንወርድ ሁለቱም ጫማቸው እግራቸው ላይ መሆኑን አሳዩኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት አስገቧቸው። በር ላይ እማዬ እጃቸውን ሳመች። እኔ «አባባ፣ ከውስጥ ሲወጡ…» ብዬ ቆምኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና በሆስፒታሉ ጋሪ ተገፍተው ገቡ።

ጠበቅን። ጋሽ ተፈራና አያ ሙሄ ሳይታሰብ ከች አሉ። ጋሽ ተፈራ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ነው የመጡት፤ አያ ሙሄ መቁጠሪያ ይዘዋል። አያ ሙሄ የሚያንሾካሽኩ እየመሰላቸው «ተቆረጠ? ጨረሱ?» ሲሉ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። ነርሷ ሦስት ጊዜ ተቆጣች፤ በሦስተኛው ሳቀች።

ሐኪሙ ወጣ። ላብ አጥምቆታል። «ደህና ናቸው። እባጩ ወጥቷል። ይተነፍሳሉ።» እማዬ መሬት ተቀመጠች።

«ድምፃቸውስ?» አልኩ።

«ቁስሉ እስኪድን እንዳይሞክሩ። ከዚያ እናያለን። ብዙ ተስፋ አልሰጥህም።»

አያ ሙሄ «ምን አለ?» ብለው ጮኹ። እኔ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «ይተነፍሳሉ!» አልኳቸው። ሌላውን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ (ከሳምንት በላይ ሆነ፤ መጻፍ አልቻልኩም ነበር)

ዛሬ አባባን አስወጣናቸው።

እስከ መርሳ በአጎቴ ወዳጅ መኪና፣ በተከፈተ መስኮት፤ እኔ በሞተሩ ከኋላ። መርሳ ላይ መኪናው ሌላ ጉዳይ ነበረበት። ወደ ግራና የሚሄድ ሌላ ነገር ስንጠብቅ አባባ ሞተሩን በጣታቸው አሳዩ። እማዬ «አይሆንም፣ አቧራው!» አለች። እንደገና አሳዩ። ከእሳቸው ጋር መከራከር በፊትም ከባድ ነበር፤ አሁን መልስ ስለማይሰጡ ጭራሽ አይቻልም። በመጨረሻ ጥምጥማቸውን አንገታቸው ላይ፣ የእማዬን ሻሽ ደግሞ በአፍንጫቸው ላይ ጠቀለልንላቸው። ሽፍታ መሰሉ።

በዝግታ ነዳሁ። በእግር የሚሄዱ ሰዎች አለፉን። አንድ አህያም አልፎናል፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

ማሽላው ግማሹ ታጭዷል። ጆሮዬ ባዶ ነው። ሐምዛ አዲስ ኤርፎን ሊገዛልኝ ሲል «ቆይ» አልኩት። ከኋላዬ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሹ ግን አይታፈንም፤ ይህን አዳመጥኩ።

ማማዎቹ ጋ ስንደርስ ጀርባዬን መቱኝ። በመዳፍ። ደነገጥኩ። ጫማ! አቁሜ ዘወር አልኩ። ሁለቱም እግራቸው ላይ ናቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና በእጃቸው «ንዳ» አሉኝ።

ነዳሁ። እንደገና መቱኝ። ድም፣ ድም-ድም። ድም፣ ድም-ድም።

የአያ ሙሄ ድቤ ነው። ያ መንዙማ ነው።

በደስታ ወዲያው «ክፈትልን ጌታው!» ብዬ ጮህኩ። ጧ! ጀርባዬ ላይ፣ ከበድ ያለ። ተሳስቻለሁ። ገና አላወጡም ነበር። መጀመሪያ እንግዳው ደጅ መቆም አለበት።

ድቤው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን ዝም አልኩ። ቃሉን በልቤ ይዤ ከእሳቸው ጋር አብሬ ሄድኩ፦ መሽቶበት የመጣ… የሚያዘገዩበት ቦታ ላይ መዳፋቸው አየር ላይ ቆመ። ታገሥኩ። አንድ ጉድጓድ አለፍን። ታገሥኩ። አንተ ካልከፈትህ…

መዳፋቸው አረፈ። ያኔ ተቀበልኩ። አንዴ። ሁለተኛውን አስረዘምኩ። ሦስተኛውን አጠፍኩና ትንፋሽ ወሰድኩ።

አንድ የወፍ ጠባቂ ልጅ ከማማው ላይ «ያ የበሩ ሰውዬ መጣ!» አለ።

በቦታው የገባሁ መሰለኝ። ጧ ብለው አልመቱኝም።